ሁለት ኢ4 ወጣብኝ፤ ትምህርቴን ልተወው?

«ዶክተር፣ 44 ዓመቴ ነው። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ሌሊት በነርስነት እሠራለሁ። ልጄ ለገና ብሎ የምራቅ ምርመራ ገዛልኝ። ዘራችን ከየት ከየት እንደሆነ ለማየት ነበር። የጤናውን ገጽ ስከፍት ግን ‹አፖ ኢ በሚባለው ጂን ላይ ሁለት ኢ4 አለሽ› ይላል። ጉግል ሳደርገው የመርሳት በሽታው፣ አልዛይመር ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምራለች። ባለፈው ክረምት ሄጄ፣ ቡናው ተጠጥቶ ረከቦቱ ሳይነሳ ‹ዛሬ ቡና አናፈላም እንዴ?› አለችኝ። አባቴ በ59 ዓመቱ በመኪና አደጋ ነው ያረፈው። በመስከረም የነርስ ፕራክቲሽነር (መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ከፍተኛ ነርስ) ትምህርት ልጀምር ተመዝግቤ ነበር። ሦስት ዓመት ተምሬ፣ ብድር ተሸክሜ፣ መጨረሻ ላይ ልረሳው ነው? ያ የፊልም ተዋናይ እንኳ እንዲህ ሲባል ሥራውን ተወ አሉ። የሌሊቱን ሥራስ ምን ላድርገው? ለልጆቼስ ልንገር? 19 እና 15 ዓመታቸው ነው። እናቴንስ ምን ልበላት?»

እህቴ፣ ለሚያስቸኩለው ጥያቄ ቶሎ ልመልስ። ትምህርቱን አይተዉት። በመስከረም ይጀምሩ። ለምን እንደምል ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎት፤ ነርስ ስለሆኑ ዝርዝሩ አያሰለችዎትም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

አፖ ኢ 19ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ነው። ሥራው በደምና በአንጎል ውስጥ ስብን ማመላለስ ነው። ሁላችንም ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4 የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት። አብዛኛው ሰው ኢ3 ነው ያለው። ኢ4 ከአልዛይመር ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው በ1993 አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። እርስዎ ሁለቱም ኢ4 ስለሆኑ አንዱ ከእናትዎ፣ አንዱ ከአባትዎ መጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ከእናቴ ወረስኩት» ብቻ አይበሉ። አባትዎም ይዞት ነበር፤ በሽታው ይታይበት እንደነበር ወይም እንዳልነበር ለማወቅ ግን ዕድሜው አልፈቀደም።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። አልዛይመርን ራሳቸው የሚያመጡ ጂኖች አሉ፤ ኤፒፒ፣ ፕሪሰኒሊን 1 እና ፕሪሰኒሊን 2 ይባላሉ። የተበላሸውን የወረሰ ሰው ይታመማል ማለት ይቻላል፤ ያውም በወጣትነቱ። ኮሎምቢያ ውስጥ አንቲዮኪያ በሚባለው አካባቢ እንዲህ ያለ ችግር በዘር የሚተላለፍባቸው ትልልቅ ቤተሰቦች አሉ፤ መርሳቱ የሚጀምራቸው በአርባዎቹ ዕድሜ ነው። የእርስዎ እንዲህ አይደለም። ኢ4 ዕድሉን ከፍ ያደርጋል እንጂ አይፈርድም።

ምን ያህል ከፍ ያደርጋል? ሁለት ኢ4 ያለው ሰው 85 ዓመት እስኪሞላው የመታመም ዕድሉ፣ እንደ ጥናቱ ዓይነት፣ ከመቶ 30 የሚሉ አሉ፤ ወደ 60 የሚያደርሱትም አሉ። ትልቅ ቁጥር ነው፤ አላሳንስብዎትም። ግን ከሌላውም ወገን ያንብቡት፤ ሁለት ኢ4 ይዘው 85 የሚደርሱና የማይረሱ ብዙ ሰዎች አሉ። እርስዎ አያዩዋቸውም። በየሌሊቱ ትራስ የሚያስተካክሉላቸው የታመሙትን ነው። ኢ4 ይዛ በ86 ዓመቷ የዕቁብ ገንዘብ የምትሰበስበዋ ሴትዮ እናንተ ዘንድ አትመጣማ! በዚህ ምክንያት ይመስለኛል የእኛ ሙያ ሰዎች ከማንም በላይ የምንፈራው። የምናየው መጨረሻውን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የመጡት ከአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው። በ1997 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ወጥቶ ነበር። ሁለት ኢ3 ካለው ሰው ጋር ሲወዳደር፣ ሁለት ኢ4 በነጮቹ ላይ ተጋላጭነቱን 15 እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ግን 6 እጥፍ ገደማ ነው። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ በዮሩባ አረጋውያን ላይ ሲታይ ደግሞ ግንኙነቱ በጣም ደከም ያለ ሆነ። ያው ጥናት ኢባዳንን ኢንዲያናፖሊስ ካሉ አፍሪካ አሜሪካውያን ጋር ያወዳድር ነበር። ውጤቱ በ2001 ሲወጣ፣ በየዓመቱ አዲስ የሚታመመው ሰው ኢባዳን ላይ ከግማሽ በታች ነበር። ኢ4 ግን እዚያም ሞልቷል። የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ውፍረቱ፣ አበላሉ ነበር የሚለየው። እኔ ይህንን ጥናት ለሐበሻ ታካሚዎቼ ደጋግሜ የማነሳው እዚህ አገር ስንመጣ ከኢባዳን ወደ ኢንዲያናፖሊስ የምንሻገረው እኛ ስለሆንን ነው።

አሁን ስለ ሥራው። ዱኮች በ1993 ሲያዩ፣ ሁለት ኢ4 ኖሯቸው ከታመሙት ሰዎች መካከል በሽታው የጀመረው በአማካይ በ68 ዓመት ገደማ ነው። የእናትዎ ደግሞ በ76 ነው የጀመረው። እርስዎ 44 ነዎት። ትምህርቱን በ47 ይጨርሳሉ። ቢመጣ እንኳ፣ በአማካዩ ቢመጣ እንኳ፣ ሃያ ዓመት ሠርተው፣ ብድሩን ከፍለው፣ ልጆች ድረው ነው። ትምህርት ራሱም ጉዳት የለውም፤ ብዙ የተማረና አንጎሉን ብዙ ያሠራ ሰው በሽታው ቢጀምረው እንኳ ምልክቱ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ትምህርቱን ይተዉታል፤ በዚያው በሌሊት ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ይቆያሉ፤ በ70 ዓመትዎ ጤነኛ ሆነው «ምነው ያኔ» ይላሉ።

ተዋናዩ ያሉት ክሪስ ሄምስዎርዝ ነው። እሱም እንደ እርስዎ ሁለት ኢ4 አለው፤ በ2022 ነው የተናገረው። ሥራውን አልተወም። ለተወሰነ ጊዜ ዕረፍት ወሰደ፤ ወሬው «ጡረታ ወጣ» ብሎ አራገበው እንጂ ተመልሶ እየተወነ ነው። እርግጥ ነው፣ እሱ ዕረፍት ሲያምረው የሚያስበው የቤት ኪራይ የለም፤ ስለዚህ እሱን ተከትለን አንወስንም።

የሌሊቱ ሥራ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሊት መሥራት በራሱ አልዛይመር ያመጣል ብዬ አላስፈራራዎትም። የማውቀው ሌሊት የሚሠራ ሰው ግፊቱ፣ ስኳሩና ክብደቱ እንደሚጨምር ነው፤ እንቅልፉም የተቆራረጠ ነው። እነዚህ ደግሞ በቀጥታ አንጎልን የሚነኩ ናቸው። የነርስ ፕራክቲሽነር ሥራ በአብዛኛው የቀን ስለሆነ ትምህርቱ ራሱ ከሌሊት መውጫ በርዎ ነው። እስከዚያው ቢያንስ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ ደርቦ፣ መሥራቱን ያቁሙ። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት እያሉ ከመቀያየር አንዱን ይያዙ። ቀን ሲተኙ ክፍሉ ድቅድቅ ይበል። «ዝም ብዬ ልተኛ» ብለው ፒኤም (PM) ተብሎ የተጻፈበትን የሚያስተኛ ክኒን የሚውጡ ከሆነ ይተዉት። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ዲፈንሃይድራሚን ነው፤ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ለዓመታት መውሰድ ከመርሳት በሽታ ጋር ተያይዟል። ካንኮራፉ፣ ትንፋሽዎ ቆም ቆም ይላል ከተባሉም የእንቅልፍ ምርመራ ያድርጉ።

አንድ ታካሚዬን ልንገርዎት። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ። ቢሮዬ ገብቶ ሳይቀመጥ ቦርሳውን ከፈተና ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። የእርስዎ ዓይነት ውጤት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ይዞት ዞሯል። ዳማ መጫወት አቁሟል፤ በተሸነፈ ቁጥር «ጀመረኝ» እያለ። ግፊቱን ስለካው 168 በ96 ነበር። መቼ ተለክቶ እንደሚያውቅ አላስታወሰም፤ ያ ደግሞ የመርሳት ችግር አይደለም፣ ተለክቶ አያውቅም። የማይለወጠውን ወረቀት በኪሱ ይዞ፣ የሚለወጠውን ቁጥር ሳያውቅ ነው ዓመቱን የገፋው። ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፣ ዳማውንም ይጫወታል። አሁንም ይሸነፋል አሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ግፊት ነው። በ2019 የወጣ ስፕሪንት ማይንድ የተባለ ትልቅ ጥናት አለ፤ ከ9,000 በላይ ሰዎች ነበሩበት። የላይኛውን ቁጥር ከ140 ይልቅ ከ120 በታች ለማውረድ በታከሙት ላይ፣ ከመርሳት በሽታ በፊት የሚመጣው ቀለል ያለ የማስታወስ ችግር በ19 በመቶ ቀነሰ። አንድም ጂን አልተነካም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ደግሞ በ2024 መለወጥ የሚቻሉ 14 ምክንያቶችን ቆጥሮ፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶው ገደማ ከነሱ ጋር እንደሚያያዝ አስልቷል። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ውፍረት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የጭንቅላት አደጋ አሉበት። ጆሮና ዓይንም አሉበት። እኛ ጆሯችን ሲደክም ቴሌቪዥኑን ከፍ እናደርጋለን እንጂ መስሚያ አናደርግም።

«እነዚህ ለሌላው ሰው ይሠራሉ፣ ለኢ4 ግን ዋጋ የላቸውም» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። አይስሙት። ፊንላንድ ውስጥ 1,260 ሰዎች በነበሩበት ጥናት፣ ለግማሾቹ ለሁለት ዓመት ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ የአንጎል ልምምድና የግፊት ክትትል አንድ ላይ ሰጥተው ሞክረውታል፤ ውጤቱ በ2015 ወጣ። ኢ4 ያላቸውም ተጠቅመዋል። አሜሪካ ውስጥ 2,111 ሰዎች ያሉበት ተመሳሳይ ሙከራ በ2025 ወጣ፤ እዚያም ጥቅሙ በኢ4 ምክንያት አልቀነሰም። ተአምር አልታየም። መጠነኛ ጥቅም ነው፤ ግን እውነተኛ ነው።

ምግብ ላይ እናንተ ቤት ያለውን አይናቁት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ፤ የጾም ምግባችን ሐኪሞች ለአንጎል ጥሩ ነው ከሚሉት አበላል ብዙም አይርቅም። ጨውና ዘይቱን ቀነስ ያድርጉ። ጾሙን አጥብቀው የሚጾሙ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12ን ያስለኩ፤ እጥረቱ ራሱ ያስረሳል፣ ሲታከም ደግሞ ይስተካከላል። ቅቤን በተመለከተ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ዩቲዩብ ላይ «ለአንጎል ቅቤ ጠጡ» የሚሉ አሉ። ኢ4 ያለው ሰው መጥፎው ኮሌስትሮል ቀድሞውኑ ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው። ክትፎው ለፋሲካ ይሁን። «ማስታወስን ይጨምራል» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው ክኒን ደግሞ የሻጩን ኪስ ነው የሚጨምረው።

እንቅስቃሴ ላይ ብዙ አልልም፤ የሚያልብ ነገር በሳምንት 150 ደቂቃ። እስክስታም ይቆጠራል። ሃምሳ ሲሞላዎት የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ይውሰዱ፤ ዌልስ ውስጥ የተሠራ ጥናት በ2025 እንዳሳየው የተከተቡት ላይ የመርሳት በሽታው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው።

አዳዲሶቹን መድኃኒቶች ይጠይቁኝ ይሆናል፤ ሌካኔማብና ዶናኔማብ የሚባሉትን። እነሱ ምልክት ለጀመራቸው ሰዎች ናቸው እንጂ ለመከላከያ አይሰጡም። ሁለት ኢ4 ላለው ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ በሌካኔማብ ሙከራ ከነዚህ ሰዎች ሲሶው ገደማ በኤምአርአይ ላይ የአንጎል ማበጥ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ቢያስፈልግዎት ይህ ውጤትዎ ለሐኪምዎ ጠቃሚ መረጃ ነው።

አሁን ሰው የማይነግርዎት ነገር፦ ኢንሹራንስ። ጂና የሚባል የ2008 የፌዴራል ሕግ አለ። የጤና ኢንሹራንስ ድርጅትና 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የጂን ውጤትዎን ሊጠቀሙብዎት አይችሉም። ስለዚህ አለቃዎ ይህን የማወቅ መብት የለውም፤ እርስዎም አይንገሩት። ሕጉ ግን የሕይወት ኢንሹራንስን፣ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስንና ሎንግ ተርም ኬር የሚባለውን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ፍሎሪዳ በ2020 እነዚህም የጂን ውጤትን እንዳይጠቀሙ በራሷ ሕግ ከልክላለች፤ ስቴቱ ይለያያል። ሎንግ ተርም ኬር ያስቡ ከነበረ መጀመሪያ የስቴትዎን ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ፣ ዋጋውን ይዩ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጂን አማካሪ ሄደው ምርመራውን በሕክምና ላብራቶሪ ያስደግሙ። ያኔ ነው ፋይልዎ ውስጥ የሚገባው። ማመልከቻው ላይ በቀጥታ ከተጠየቁ ግን አይዋሹ፤ በኋላ ውሉን ያፈርሱብዎታል። ምራቅዎን የላኩበት ድርጅትም ዳታዎን እንዲሰርዝ መጠየቅ ይችላሉ። 23ኤንድሚ የተባለው ትልቁ ድርጅት በ2025 ለኪሳራ ሊያመለክት ሲል የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሳይቀር ሰዉን «መሰረዝ ትችላላችሁ» ብለው አስታውሰው ነበር።

የውክልናና የጤና ውሳኔ ወረቀቱንም ይሥሩ። ይህንን ለኢ4 ብዬ አይደለም፤ 44 ዓመት ሆኖት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ሊኖረው ይገባል።

ልጆችዎ። ሁለቱም ከእርስዎ አንድ አንድ ኢ4 ወስደዋል፤ ሌላ የሚሰጡት ስለሌለዎት ይህ የተረጋገጠ ነው። አንድ ኢ4 ከሁለቱ በጣም የቀለለ ነው። ትልቁ ስጦታውን የገዛ ልጅ ነው አይደል? ውጤቱን መጠየቁ አይቀርም። ይንገሩት፤ ግን ሲረጋጉ፣ በአጭሩ። «እንዲህ ወጣ፣ ፍርድ አይደለም፣ እኔ ይህን ይህን እያደረግኩ ነው» ይበሉት። የራሱን ማወቅ ካልፈለገ አይግፉት፤ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሰዎች አንዱ ጄምስ ዋትሰን እንኳ በ2007 የጂኑ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ሲነበብለት «አፖ ኢን አትንገሩኝ» ብሎ ነበር። የ15 ዓመቷን ወይም ዓመቱን አሁን አያስመርምሩ። በአዋቂነት ለሚመጣ በሽታ ልጅ አይመረመርም።

ወንድም እህቶችዎ ግን በራሳቸው ጊዜ ይወስኑ። ሰፊው ዘመድ ጋር ባይደርስ ደስ ይለኛል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሕዝብ ነን፤ «በዘራቸው አለ» የሚለው ወሬ አንዴ ከወጣ የልጅዎ ሠርግ ላይ ይደርሳል። ይህ ሚስጥር ከማሳፈሩ አይደለም፤ ሰው ስለማይገባው ነው።

እናትዎን በተመለከተ «እርጅና ነው፣ ጃጅታ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ። ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ግፊትና ስኳር ይታዩላት፤ ጆሮዋም፤ የምትውጠውን መድኃኒት ሁሉ ሐኪም አንድ ላይ ይይላት። ድብርትም ሊሆን ይችላል። ጠበል ትሂድ፤ መድኃኒቷን ግን ጠበሉ ድረስ ይዛ ትሂድ። እሷን የጂን ምርመራ ማድረግ አያስፈልግም፤ ቢያንስ አንድ ኢ4 እንዳላት እርስዎ ራስዎ ምስክር ነዎት።

«ዛሬ ቡና አናፈላም እንዴ?» ስትልዎት ደግሞ፣ መሥሪያ ቤት ለሰው እናት የሚያደርጉትን ለራስዎ እናት ያድርጉ። «አሁን ጠጣን እኮ!» ብለው አይከራከሩ። እሷ አልጠጣችም። ረከቦቱ ገና አልተነሳም፣ ከሰሉም አለ። «እንዴታ እማዬ፣ ይፈላ» ይበሏትና ጀበናውን ይጣዱ። ቀጠን አድርገው።